«ጥገኝነት» በሁለት ትርጉሙ፦ ሶሻል መውሰድና የአየርላንድ ዜግነት

ባለፈው ታኅሣሥ አጋማሽ፣ የደብረ ማርቆስ ብርድ ሰውን ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ በከተተበት ምሽት፣ እናቴ ከአየርላንድ የደወለችውን እኅቴን እያነጋገረች ሳለ ድንገት ስልኩን አቀብላኝ «እስኪ አንተ አናግራት፤ ይህች ልጅ የልጆቿን ገንዘብ ለመንግሥት ልትመልስ ነው» አለችኝ። እኅቴ በኮርክ ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ጥገኝነት ጠይቃ የስደተኛነት ወረቀቷን ያገኘችው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ቋንቋውንና ሥራውን እስክትይዝ ድረስ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በአጭሩ «ሶሻል» የሚሉትን የመንግሥት ድጋፍ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ወስዳለች፤ ሥራ ከያዘች ወዲህም ለልጆቿ በየወሩ የሚከፈለውን ትቀበላለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው «ሶሻል የነካ እጅ የአየርላንድ ፓስፖርት አይጨብጥም፤ የወሰድሽውን ቆጥረሽ ካልመለስሽ ባታመለክቺ ይሻልሻል» ብሏት ኖሮ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

እኔ በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ማመልከቻና አቤቱታ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ እንጂ የአየርላንድ ጠበቃ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ባለጉዳይ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ሲመጣ «ማን አለ? አንቀጹስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር የአገሩን ሕግና የመንግሥቱን መግለጫዎች እያነበብሁ ለእኅቴ በቃል የነገርኋትን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከቡሬ፣ ከሞጣም ሆነ ከዳንግላ ልጁን ወደዚያ አገር የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ይህንኑ ጥያቄ በስልክ የሚሰማውም እኔ ብቻ አልመሰለኝም።

የአየርላንድ ዜግነት የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣውና ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በተሻሻለው የዜግነት ሕግ ነው። በአንቀጽ 15 መሠረት አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰና መልካም ጠባይ ያለው ሊሆን ይገባል፤ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ሳያቋርጥ በአገሩ የኖረ፣ ከዚያ አስቀድሞ ባሉት 8 ዓመታት ውስጥም በድምሩ 4 ዓመት የኖረ፣ ወደፊትም በዚያው ለመኖር በቅን ልቦና ያሰበ መሆን አለበት፤ በመጨረሻም ለአየርላንድ ሕዝብና መንግሥት ታማኝነቱን ያረጋግጣል። በዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ስለ ሶሻል የሚናገር አንድም ቃል የለም። ቡና ላይ የተነገረው ፍርድ ከሕጉ ጽሑፍ አልተቀዳም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ ሲጀምር ሚኒስትሩ ምስክር ወረቀቱን «በፍጹም ፈቃዱ» ሊሰጥ ይችላል ይላል። «ይሰጣል» እና «ሊሰጥ ይችላል» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት የእኔን ሙያ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው መብት ነው፤ ሁለተኛው ግን ደጅ መጥናት ነው። ሰውየው መስፈርቱን በሙሉ ቢያሟላ እንኳ ዜግነቱን እንደ ዕዳ አስቆጥሮ ሊቀበል አይችልም፤ የሶሻል ነገር ወደ ማመልከቻው የሚገባውም በዚሁ በር ነው፤ ጥያቄው «ይህ ሰው ራሱን ችሎ ይኖራል ወይ?» የሚል ነው። ሥልጣኑ ግን ልጓም የሌለው እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ማላክ የተባሉ ከሶርያ የመጡ ስደተኛ ዜግነት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ያለ አንዳች ምክንያት በተከለከሉ ጊዜ ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰውት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ሚኒስትሩ የከለከለበትን ምክንያት ሊናገር ይገባል ሲል ፈረደላቸው። ስለዚህ ዛሬ የተከለከለ ሰው በምን እንደተከለከለ ይነገረዋል፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ደግሞ መልስ መስጠትም ሆነ ጊዜ ጠብቆ እንደገና ማመልከት ይቻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ለስሕተቱ ሁሉ መነሻው «ሶሻል» የሚለው አንድ ቃል ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ክፍያዎችን በአንድ ቁና መስፈሩ ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት በእድር ነው። እድርተኛ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሐዘን በቤቱ ሲገባ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ይህንን በመቀበሉ ለማኝ ነው የሚለው ሰው የለም፤ እንዲያውም ከፍሎ ሳይቀበል ቢቀር ዳኛው ራሱ ይወቀሳል። በአየርላንድም ደመወዙ በጣም ካላነሰ በቀር ሠራተኛ ሁሉ ከደመወዙ ከ4 በመቶ ጥቂት ከፍ የሚል የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም በበኩሉ ይጨምራል። ፒ.አር.ኤስ.አይ የሚሉት ይህ ነው። በዚህ መዋጮ የሚገኙት የሥራ አጥነት፣ የወሊድና የሕመም ክፍያዎች የእድር ገንዘብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 31 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ የሥራ አጥነቱ ክፍያ ከቀድሞው ደመወዝ ጋር ተያይዟል፤ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ መዋጮ የከፈለ ሰው ሥራውን ቢያጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በሳምንት ከ450 ዩሮ ሳይበልጥ፣ የደመወዙን 60 በመቶ ያገኛል።

ሁለተኛው ዓይነት መዋጮን የማይጠይቅ፣ ነገር ግን የአመልካቹን ጓዳ ፈትሾ የሚሰጥ ነው። የሥራ ፈላጊ ድጎማው በዚህ ውስጥ ይመደባል፤ ከፍተኛ መጠኑ በ2025 በሳምንት 244 ዩሮ ነበር፤ በ2026 ወደ 254 ከፍ ብሏል። ይህንን ለመቀበል እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣውን «በአገሩ መደበኛ ነዋሪ መሆን» የሚለውን መስፈርት ማለፍ ያስፈልጋል። ዜግነት የሚመረምር ባለሥልጣን ዓይኑን የሚጥለው በዚህኛው ላይ ነው፤ እኅቴ ወረቀቷን ባገኘች ማግሥት የወሰደችውም ይህንኑ ነበር።

ከሁለቱም የማይገጥሙ አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 140 ዩሮ የሚከፈለው የልጆች ገንዘብ የወላጁን ገቢ አይጠይቅም፤ የሐኪሙም የጽዳት ሠራተኛዋም ልጅ እኩል ይቀበላል። እንግዲህ እኅቴ ልትመልሰው ያሰበችው ይህንን ነበር! ደመወዛቸው አነስ ላለ ወላጆች የሚጨመረው የቤተሰብ ድጎማ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 38 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ሊያገኘው አይችልም። ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን የቤት ኪራይ ድጋፉን ነው። ገንዘቡ በተከራዩ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለአከራዩ ስለሚገባ «እኔ ከመንግሥት ምንም አልወስድም» ብሎ የሚምል ሰው ኪራዩ በመንግሥት የሚከፈል ሆኖ ይገኛል። እኅቴም መጀመሪያ ስትቆጥርልኝ ይህንን አላስገባችውም ነበር።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ በሆነ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስትሩ ጂም ኦካላሃን ጥገኝነትን የሚመለከቱ ብዙ ለውጦችን ሲያስታውቁ ዜግነቱም አልቀረለትም። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከላይ ከተጠቀሰው መስፈርት ተቀንሶለት ዜግነት ለመጠየቅ ይበቃው የነበረው የ3 ዓመት ኑሮ ወደ 5 ዓመት ከፍ እንዲል፣ አመልካቹ ራሱን የቻለ እንዲሆን፣ ለመንግሥት የሚከፍለው ዕዳ እንዳይኖርበት፣ እንዲሁም ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት የተወሰኑ የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍያዎችን ያልተቀበለ እንዲሆን ተወሰነ። የቡናው ላይ ወሬ ከየት እንደተነሣ የገባኝ ይህንን ሳነብ ነው። እንጨቱ እውነት ነበር፤ ጭሱን ግን ሰው አበዛው። መግለጫው «የተወሰኑ ክፍያዎች» ብሎ ሳለ ወሬው «ሁሉም» አደረገው፤ «ሁለት ዓመት» ብሎ ሳለ «ለዘላለም» ሆነ፤ ስለ መመለስ የተነገረው ዕዳን ብቻ የሚመለከት ሳለ በሕግ የተገኘውን ገንዘብ ሁሉ ጨመረበት።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ብወጣ አንባቢ ይፍቀድልኝ። ይህንን ለውጥ ለእናቴ በአማርኛ ሳስረዳ ምላሴ ተሳሰረ፤ «ጥገኝነት ያገኘ ሰው ጥገኛ መሆን የለበትም» ማለት ሆነብኛ! እናቴም «ታዲያ ጥገኝነቱን ለምን ሰጧት?» አለችኝ፤ ቋንቋችን መጠለያ ማግኘትንና በሰው ትከሻ መኖርን በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው አልፈረድሁባትም። «ዜጋ» የሚለው ቃልማ የባሰ ነው። የምሥራቅ ጎጃምን አድባራት የቆዩ የመሬት ሰነዶች የመረመሩ የታሪክ ምሁራን እንደሚሉት፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ አገር «ዜጋ» ሲባል የራሱ ርስት የሌለው፣ በባለመሬቱ ጌታ ሥር የሚያድርና የሚገብር የበታች ሰው ማለት ነበር። ቅድመ አያቶቻችን «ዜጋ ለመሆን ራስሽን ቻይ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው ኖሮ ጸሐፊው ሰክሯል ይሉ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ዕዳ የሚለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ነው። ለምሳሌ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ድጎማ የሚቀበል ሰው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በአገሩ መገኘት ግዴታው ነው፤ በዓመት ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ካልሆነ በቀር ወደ ውጭ ሄዶ ክፍያው እንዲቀጥልለት አይፈቀድም። አንዱ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለሐዘን ወደ ሌላ አገር ሄዶ አንድ ወር ቆይቶ ቢመለስና ሳያሳውቅ ገንዘቡ ሲገባለት ቢቆይ፣ ያ ገንዘብ ያላግባብ የተከፈለ ተብሎ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብበታል። ጥቂት ሰዓት ሥራ ጀምሮ ያንን ሳያሳውቅ የቆየም እንዲሁ ነው። የዜግነቱ ማመልከቻ በበኩሉ አመልካቹ በመጨረሻው ዓመት ከአገር የወጣባቸውን ቀናት ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ማሻሻያ እስከ 70 ቀን ይፈቀዳል፤ ልዩ ችግር ላጋጠመው ሌላ 30 ቀን ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ መሥሪያ ቤት «አልወጣሁም» ያለ ሰው ለሌላው የወጣበትን ቀን በገዛ ፊርማው ሊሰጥ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የተገናኙ ዕለት የገንዘቡ ጉዳይ አልፎ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ይሆናል። እኔ ብሆን፣ ዕዳ ካለብኝ ከማመልከቴ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቼ ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ የተከፈለበትን ደረሰኝም በጥንቃቄ አስቀምጣለሁ።

መደበቅ ደግሞ ከመውሰድ ይልቅ ይጎዳል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 19 በማጭበርበር፣ በሐሰት ቃል ወይም አስፈላጊ ነገርን በመሸሸግ የተገኘ የዜግነት ምስክር ወረቀት ሊሻር እንደሚችል ይደነግጋል። ከአንድ መንግሥት ኪስ የወጣን ገንዘብ ከዚያው መንግሥት ለመሸሸግ መሞከር ምን ዓይነት ብልጠት እንደሆነ አይገባኝም፤ ሆኖም በእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች አንዱ ክፍል የሌላውን መዝገብ ስለማያየው ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይህንን ልማዱን ይዞ ይሰደዳል። መዝገቡ የሚጠቅምበትም ወገን መኖሩ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አመልካች የኖረበትን እያንዳንዱን ዓመት 150 ነጥብ በሚሞላ ሰነድ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ከማኅበራዊ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የመዋጮ መግለጫም ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ነው። ሶሻል የወሰደችበት ዓመት እኅቴ በአገሩ እንደነበረች የሚመሰክርላትም ይኸው መዝገብ ነው።

ስለ እኅቴ ከሁሉ የቆጨኝን ልናገር። በቀድሞው አሠራር 3 ዓመቷን የሞላችው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ከያዘች ቆይታ ነበር፤ የሥራ ፈላጊ ድጎማው ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ከዕዳም ነፃ ነበረች። ለማመልከቻው የሚከፈለው 175 ዩሮ ነው፤ ሌላው አዋቂ ሰው ሲፈቀድለት ለምስክር ወረቀቱ የሚከፍለው 950 ዩሮ በሕጉ ለስደተኛ የተማረ ነው። አላመለከተችም። ያኔም «ሶሻል ወስደሻልና ትንሽ ቆዪ፣ ይረሳልሽ» ያላት ሰው ነበረ፤ እርሷም ለእኛ ሳትነግረን ቆየች። እርሷ እየቆየች ሳለ ሕጉ ከፊቷ ሄደና 3 የነበረው 5 ሆነ። መንግሥት የከለከላት ነገር አልነበረም፤ በወሬ ራሷን ከለከለች። ብጽፈው ቅር እንዳይላት ጠይቄያት «ጻፈው ወንድም ዓለም፤ ሌላዋ እንዳትታለል» ብላኛለች።

በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ በአጭሩ። አየርላንድ ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ትቆጥረዋለች። በአዋጅ 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ መግባትንና ሌሎች መብቶችን ይመልሳል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይመልስም። ለእናቴ ይህ ሁሉ አያሳስባትም። ልጇ በስደተኛነት ወረቀት ወደ ትውልድ አገሯ ተመልሳ ብትመጣ ያገኘችውን ጥበቃ ልታጣ ስለምትችል ሰባት ዓመት ሙሉ አላየቻትም፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፓስፖርት ለእርሷ ልጇን ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል አሳፍሮ የሚያመጣ ወረቀት ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ እኅቴ የልጆቹን ገንዘብ መመለሷን ተወች፤ በአካባቢዋ ያለው ሲቲዝንስ ኢንፎርሜሽን የተባለው የነፃ መረጃ ማእከል ዘንድም ቀጠሮ ይዛለች። እስከዚያው ድረስ ያዘዝኋት አንድ ሥራ ብቻ ነው። ነጠላ ደብተር ገዝታ በግራ በኩል የተቀበለችውን ክፍያ ስምና ዓይነት፣ በመካከል የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ በቀኝ በኩል መዋጮ የተከፈለበት ይሁን፣ በገቢ ፍተሻ የተሰጠ ይሁን፣ ወይም ለሁሉ የሚሰጥ ይሁን እንድትጽፍ፤ በማእከሉም በሥራ ላይ ያለውን የተከለከሉ ክፍያዎች ዝርዝር ተቀብላ ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር እንድታመሳክር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የገባ ክፍያ ከተገኘ ካቆመበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ትቆጥራለች፤ ካልተገኘ 5 ዓመቷ በግንቦት 2018 ይሞላል። ትናንት ማታ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የቤት ኪራይ ድጋፉን ይህን ጊዜ አልረሳችውም፤ አንደኛ ቁጥር ላይ ጽፋዋለች።